የጋሽ ዘይኑዲን ድንበር

«አገሩ ሰፊ ነው፣ ልቤ ግን…» ከዚያ ወዲያ ያለውን ስለረሱት ጋሽ ዘይኑዲን በእንጉርጉሮ ይሞሉታል። ፈዲላ ዜማውን ከሩቅ ስትሰማ ታሪክ እየመጣባት እንደሆነ ታውቃለች።

ሐበሻ በሰፈረበት ሁሉ አሜሪካን ለአሜሪካኖች የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። የሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማው፣ ሰፈሩ «ክቡር ፕሮፌሰር» የሚላቸው ጋሽ ዘይኑዲን፣ ታክሲ ነጂ ናቸው። ከኤርፖርት የጫኑት መንገደኛ ዳውንታውን ሳይደርስ፣ አሜሪካ ሉዊዚያናን ከፈረንሳይ ገዝታ፣ የሜክሲኮን ግማሽ ወስዳ ፓስፊክ ትገባለች። ሰውየው ቲፕ ሰጥቶ ሊወርድ ሲል «ቆይ፣ አላስካ ቀርታለች» ይሉታል።

ዋናው ከወረራው ጀርባ ያለው ሐሳብ ነው ይላሉ። መጀመሪያ «ባዶ መሬት ነው» ይባላል፤ ቀጥሎ «ፈጣሪ ለኛ ያለው ነው»። ይኼ የቆምንበት የነባሮቹ የዳኮታዎች አገር አልነበረም? ዘንድሮ ኢራቅ የተገባውስ በሌላ ሐሳብ ነው? እዚህ ላይ ድምፃቸው ይሰበራል። ፈዲላ ሣቋ ቢመጣም፣ ላላዩት ሰው ለሚያለቅስ ለዚያ ልባቸው ትሳሳለች።

ሁለቱ በሰፈሩ የጋራ አትክልት ቦታ ጎን ለጎን መደብ አላቸው፤ ድንበሩ በችካል የተወጠረ ገመድ ነው። ፍሪድሊ ከተማ ፋብሪካ ስትሠራ ለምትውለው ለፈዲላ፣ በዚህ አገር «የኔ» የምትለው ያቺን መደብ ብቻ ነው። በጁላይ ኦቨርታይም በዝቶባት ሰነበተችና አንድ እሑድ ብትመጣ፣ ገመዱ ወደ ምዕራብ ተጉዟል። ጎመኗ በነበረበት የጋሽ ዘይኑዲን ቃሪያ ቆሟል።

«ባዶ ነበር እኮ፣ እህቴ» አሉ ያለ አንዳች እፍረት። «ጦሙን ከሚያድር ብዬ ነው። መሬት ላራሹ አይደል?»

ጭቅጭቅ አይሆንላትም፤ ወሎዬ ናትና አንጀቷ ሲቃጠል የሚወጣላት በግጥም ነው። ቀስ ብላ አዜመችው፦

«ሰው የለም ይላሉ በሬን ሳያንኳኩ፣
እኔ ሥራ ስውል መሬቴን ሲለኩ።»

ፕሮፌሰሩ ገመዱን አዩ፤ ቃሪያቸውን አዩ። «እኔም እንደነሱ?» አሉ።

ወዲያው ተንበርክከው ችካሉን ነቀሉ። ጸጸት መለኪያ የለውምና ወደ ኋላ ሲመልሱት፣ ሲመልሱት፣ የራሳቸውን ቲማቲም አልፈው ሊተክሉት ቃጡ። ፈዲላ እጃቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ እኔን ወራሪ ሊያደርጉኝ ነው?»

ችካሉን ከዱሮ ቦታው ራሷ ተከለችው። ቃሪያው እስኪያፈራ በእንግድነት ይቆይ አለች፤ ተክል ምን አጠፋ? ከዚያ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ጋሽ ዘይኑዲን እንደ ቆሙ፣ እፍረቱን ለመሸሽ ይመስላል፣ ስለ ካሊፎርኒያ ጀመሩ።

«ካሊፎርኒያ የትም አትሄድም። ይልቅ ይቀመጡና ይብሉ።»

ከምንጣፉ ጫፍ፣ ቦታ እንዳይወስዱ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። «ቢስሚላህ» አሉና ከፊት ለፊታቸው ብቻ ቆረሱ።