የአባባ ተገኘ አሥራ አንድ ደቂቃ

ሰው ማስተዳደር ቀላል ነው የሚል ካጋጠማችሁ፣ ሁለት መቶ ዘመድ የተሰበሰበበትን የዋትሳፕ ቡድን ለአንድ ሳምንት አስረክቡትና ጉዱን እዩ። እኔ ተረክቤ አይቼዋለሁ።

ቡድናችን እስራኤል፣ ቤር ሸቫ ከተማ የምንኖር የአንድ አገር ልጆች ሠርጉን፣ ለቅሶውን፣ የታመመውን ሁሉ የምንነጋገርበት ነው። ኮሌጅ የአስተዳደር ኮርስ ወስጃለሁና «መናሄል ሁንልን፣ ቡድኑን አስተዳድርልን» ሲሉኝ ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኩ። ወዲያው ሕግ አወጣሁ፤ ሰላምታ በቀን አንዴ፣ የድምፅ መልእክት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሙሴ እንኳ አርባ ቀን ፈጅቶበታል፤ እኔ በሻይ ሰዓት ጨረስኩት።

አባባ ተገኘ ግን ሁልጊዜ ሲመሽ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይመርቃሉ። እውነቱን ለመናገር ከሁለተኛው ደቂቃ አልፌ ሰምቻቸው አላውቅም። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አስጠነቀቅኳቸው፤ ፊደል ያልቆጠሩ መሆናቸውን ማን ያስታውስ! ሦስቱንም ጊዜ የአበባ ሥዕል ላኩልኝ። ንቀት መሰለኝና ከቡድኑ አስወጣኋቸው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ?

በነጋታው እናቴ ደወለች። ሽኩና ሄ ሰፈሯ፣ ከሕንጻው ሥር ቆማ የሚወስዳት መኪና ቀርቶባታል። እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። አንድ ቀን ከቀረባት እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። እስከዚያ ቀን ግን አድራሽ አጥታ አታውቅም ነበር። ማን እንደሚመድብላት ጠይቄ አውቃለሁ? ልጇ እዚያው ከተማ ራሞት ሰፈር ነው የሚኖረው፣ መኪናም አለው፣ ግን አስተዳዳሪ ስለሆነ ሥራ ይበዛበታል።

ያደርሳት ለነበረው ጎረቤቷ ደውዬ ብወቅሰው ተገረመብኝ። «ተራዬን የማውቀው አባባ ሲመርቁኝ ነው፣ ትናንት ማን መረቀኝ?» አለኝ።

ወደ እናቴ እየነዳሁ የአባባን የቆየ መልእክት ከፈትኩት። አራተኛው ደቂቃ ላይ በሽተኛውን በየስሙ እየጠሩ ምሕረት ይለምናሉ። ሰባተኛው ላይ «ነገ እገሊትን ለሚያደርስልኝ ለእገሌ ዕድሜ ይስጥልኝ» ይላሉ። ሁለት መቶ ሰው አሜን ይላል። አሜን ከተባለበት በኋላ ማን ደፍሮ ይቀራል? እንዲህ ያለ የሥራ ድልድል ኮርሱ ላይ አላስተማሩንም። አደነቅኳቸው፤ ከዚያም በላይ አፈርኩ። እናቴን ሆስፒታል የማሽኑን ወንበሯን ለሌላ ሰው ሊሰጡባት ሲሉ አደረስኳት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አባባ ቤት ሄድኩ፤ አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ ነው። ይቅርታ ልለምን ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ «እንኳን መጣህ ልጄ፣ ስልኬን አሞታል፣ ምርቃቴን አልቀበል አለ» አሉኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እስቲ ልየው» የሚል ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ትንሽ ነካካሁት፣ በእኔው ስልክ ወደ ቡድኑ መለስኳቸውና ድኗል አልኳቸው። በጣም አመሰገኑኝ።

ሲመሽ ምርቃታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አሥራ አራት ደቂቃ ደርሷል። ሊዘጉ ሲሉ እንዲህ አሉ፦ «ስልኬን ያሳመመውንም ያዳነውንም እግዚአብሔር ይባርክልኝ። አንድ ሰው ስለሆነ አንድ ምርቃት ይበቃዋል። ከእሁድ ጀምሮ እናቱን ራሱ ለሚያደርሰው ለዚህ ልጄ ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ሁለት መቶ አሜን ተከተለ። የመጀመሪያዋ የእናቴ ነበረች።