የረቡዕ ወተት

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላልና ከመጀመራችሁ በፊት ይቅርታ አድርጉልኝ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት በመከራ ነው፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም እስካሁን አልለየልኝም። ስለ ወተት የማውቀውን ያህል ፊደል ባውቅ ኖሮ ግን ይሄኔ አስተማሪ ነበርኩ።

እኛ ቦንጋ ወተት የማይወድ ሰው የለም። የሚጠጣ ሰው ግን እስቲ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ኦርቶዶክሱ ይጾማል። ጴንጤው አይጾምም፣ ላም ግን የለውም፤ እኛን ማለቴ ነው። ነጋዴዎቹ ሙስሊሞች ሻይ ላይ ጠብ ያደርጉታል። ላም ያለው ሰው ለሆቴል ይሸጠዋል፤ ሆቴሉም ቡና ቀላቅሎ «ማኪያቶ» ይለውና ወደ ዋጫ ለሚሄዱ ተሳፋሪዎች መልሶ ይሸጠዋል። የተረፈው ተንጦ ቅቤው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ ግማሹ ወጥ ውስጥ ሲገባ ግማሹ የሴቶች ራስ ላይ ይወጣል። ለልጆች አሬራው ይቀራል። በእኛ ሰፈር ከሆድ ይልቅ የሚጠግበው ጸጉር ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው የጎረቤታችንን የእትዬ አልማዝን ወተት በየጠዋቱ ሆቴል የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። እትዬ አንዲት የሐበሻ ላም አለቻቸው፤ ወተቷ ጥቂት፣ እርግጫዋ ብዙ። ስለዚህ ሌት ተቀን የሚመኙት የፈረንጅ ላም ነበር። አንድ ዓመት ታዲያ፣ ወረዳው የፈረንጅ ጊደር ሊሰጥ ነው፣ የሚሰጠውም ወተት ለቤተሰቡ በማጠጣት ምሳሌ ለሆነ «ሞዴል ቤተሰብ» ነው ተባለ። እትዬ አላመነቱም። ወተት ከቤታቸው ወጥቶ እንደማያውቅ ተናግረው ተመዘገቡ።

ጎብኚዎቹ መጡ። ረቡዕ ቀን!

ቀኑን የቆረጠው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ በስብሰባ የተወሰነ ነገር ባለቤት የለውም። ባዶ ጀሪካን ልመልስ ስገባ የወረዳው ኃላፊ ንግግር ላይ ነበሩ። ወተት አጥንት ይገነባል፣ አእምሮ ያጎለብታል፣ ድህነትንም ይቀርፋል ይላሉ። ጉሮሯቸው ሲደርቅ እትዬ በትልቅ ኩባያ ወተት አቀረቡላቸው።

«ውይ እትዬ፣ ጾመኛ ነኝ! ሻይ ካለ...»

አብረዋቸው የመጡትም ሁሉ ጾመኞች ነበሩ።

«እሺ፣ ቤተሰቡ ሲጠጣ ላንሳ» አለ ካሜራ የያዘው ሰውዬ።

የእትዬ ባለቤት ጋሽ ወልዴ አማተቡ። ልጆቻቸው መሬት መሬት አዩ። ጊደሯ ከእጅ ልታመልጥ ሆነ። የእትዬ ዓይን ቤቱን ዞረ ዞረና በሩ ሥር እኔ ላይ አረፈ።

«ይቺውላችሁ! ልጃችን ናት፣ በየቀኑ ነው የምትጠጣው!»

«እሷ አትጾምም እንዴ?» አሉ ኃላፊው።

«ጴንጤ ናት።»

«የእናንተ ልጅ?»

«የጎረቤት ልጅስ ልጅ አይደለችም እንዴ ጌታዬ?»

ኃላፊው ሳቁ። «ይሄማ ራሱን የቻለ ተሞክሮ ነው!» ብለው ጻፉ።

ኩባያውን ተቀበልኩ። ስንት ጊዜ ተሸክሜዋለሁ፣ ግን አንድም ቀን አፌ ነክቶት አያውቅም፤ እናቴ «የሰው አደራ ነው፣ እንዳትቀምሺ» ብላኛለች። አሁን የእትዬ ጊደር እኔ ጉሮሮ ላይ ቆማለች። አንዴ ተጎነጨሁ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው ልጄ?» አሉ ኃላፊው።

«ዓይን አፋር ስለሆነች ነው» አሉ እትዬ ቶሎ ብለው። «ጠጪ እሙዬ፣ ጠጪ፣ እንደ ሁልጊዜው!»

ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት። ካሜራው ብልጭ አለ።

ጊደሯ መጣች፣ አድጋም ወለደች። ውለታ የማይረሱት እትዬ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር ሙሉ ኩባያ ወተት ያስቀምጡልኛል። እናቴ «የታደልሽ!» ትለኛለች። የሰፈሩ ልጆች በቅናት ያዩኛል። ፎቶዬም አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰምቻለሁ፤ ወተት ጠጥታ በደስታ ያለቀሰች ልጅ እየተባለ።

ያለቀስኩት በደስታ አይደለም። አፍሬም አይደለም። ሊያስመልሰኝ ነበር። እስከ ዛሬም በጾም ቀን አፍንጫዬን ይዤ እጠጣለሁ፣ ሆዴ ሲጮህ ይውላል፣ እትዬን ግን እንዴት አድርጌ እምቢ ልበላቸው? ለእናቴም ቢሆን ትንፍሽ አላልኩም።

ቦንጋ ወተት የማይወድ ሰው የለም ብያችሁ አልነበር? አንድ አለ።