ፊልም አጣቢው የኬሚስትሪ መምህር

ውሃ ንጹሕ ነው የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ በሕይወቱ ፊልም አጥቦ እንደማያውቅ እወቁበት። ውሃ አስመሳይ ነው! ሲፈስ ኩልል ብሎ ይፈስሳል፣ ሲደርቅ ግን ጉዱን ለእናንተ ትቶ ይሄዳል። በተለይ የእኛ ሰፈር ውሃ... ከጉድጓድ የሚሳብ ነው። አንድ የአሶሳ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ ቢያሳያችሁ፣ ውስጡ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ነው። ይህንን ውሃ ስጠጣ ስንት ዓመቴ! ሆዴን በምን እንደለሰነው እግዜር ይወቅ።

ለማታውቁኝ፣ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። አንድ አመል አለብኝ። ከአጎቴ የወረስኩት በፊልም የሚሠራ ካሜራ አለኝ፣ ፊልሙንም ቤቴ ውስጥ ራሴ አጥባለሁ። ባለቤቴ ትዕግሥት ይህንን አመል አትለውም፤ በሽታ ነው የምትለው። ሻወር ቤቱን ዘግቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በጨለማ ስዳብስ ያየኝ ሰው ጠበል ይዞልኝ ቢመጣ አይፈረድበትም።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ መጡ። ሐጃ ገበያው ዳር ሻይ ቤት ያላቸው የበርታ ብሔረሰብ እናት ናቸው፤ አማርኛውን እንደፈለጉ ያስኬዱታል፣ ሰውንም እንዲሁ። እህታቸው ሐሊማ ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳን፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መጥታ ነበር። ልትመለስ የቀራት አንድ ቀን ነው። ሐጃ በስልክ ፎቶ እምነት የላቸውም፤ ስልክ ሲበላሽ ዘመድ አብሮ ይጠፋል ይላሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የወረቀት ፎቶ ፈለጉ።

ካሜራው ውስጥ የቀረኝ የአንድ ፎቶ ፊልም ብቻ ነበር። ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሐሊማ አገሯ ትገባለች። ሁለቱ እህትማማቾች ማንጎው ሥር ተቀመጡ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ እኔም አነሳኋቸው። "በእኔ ይሁንብዎ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሐሊማ በሄደች ማግስት ፊልሙን አጠብኩ። በቧንቧ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁት፣ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩትና ወደ ክፍሌ ሄጄ አስተማርኩ። ስመለስ ፊልሙ ደርቋል። ግን ከላይ እስከ ታች ነጭ ነጠብጣብ! ሐሊማ ኩፍኝ የወጣባት መስላለች። በሐጃ ላይ ደግሞ ከግንባር እስከ አገጭ አንድ ነጭ መስመር ቁልቁል ወርዷል። ሌሎቹ ፎቶዎች አላሳዘኑኝም፤ ግማሾቹ የራሴ ናቸው። ይቺን አንዷን ግን መልሼ የማነሳበት መንገድ የለም።

መጀመሪያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ አትሳቁብኝ። በነጠላ ጫፍ ጠረግሁት። ደግነቱ የጀመርኩት በራሴ ፎቶ ነው። ነጠብጣቡ ሳይለቅ ፊቴ ተጫጫረ፤ ከድመት ጋር የተጣላሁ መሰልኩ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ!

ኢንተርኔት ላይ ብጠይቅ "የተጣራ ውሃ ተጠቀም" አለኝ። ፋርማሲ ሄድኩ። የመርፌ መድኃኒት የሚበጠበጥበትን ውሃ፣ ጣት በምታህል ብልቃጥ ሰጡኝ። ፊልሙን ልከትበው ካልሆነ በቀር ምን ያደርግልኛል? የባትሪ ውሃም የተጣራ ነው ብዬ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጀሪካኖች አሳየኝ። አንዱ ውሃ፣ አንዱ አሲድ ነው አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ባልደረባው ካማሺ ሄዷል። የካማሺን መንገድ የምታውቁ፣ ሰውየው መቼ እንደሚመለስ አትጠይቁኝም። መካኒኩ አሽትቼ እንድመርጥ መከረኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሐጃ በመጡ ቁጥር "ገና አልደረቀም" እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን አልተቻሉም።

"ኡስታዝ፣ ብርድ ልብስ በአንድ ቀን ይደርቃል። ይሄ ቀጭኑ ሦስት ቀን ምን ሆነ?"

አወጣሁና ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐይ ያዝ፣ ዘንበል አደረጉት። እኔ እርግማኑን እጠብቃለሁ።

"በቧንቧ ውሃ አጠብክ?"

"አዎ።"

"በጨርቅ ነካህ?"

"የራሴን ብቻ።"

"አንተ ልጆች ምን ታስተምራለህ?"

"ኬሚስትሪ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ሻይ ቤታቸው ውስጥ በየቀኑ የሚያዩት ነው። የሻይ ብርጭቆ በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ከደረቀ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ደንበኛውም አልታጠበም ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሐጃ ብርጭቆውን መጨረሻ ላይ በዝናብ ውሃ ያለቀልቁታል። በጨርቅ አይነኩትም። ውሃው ወደ አንድ ጎን እንዲወርድ ዘንበል አድርገው ያቆሙታል። የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ የጣራውን አቧራ ስለሚያጥብ ይታለፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ነው የሚጠራቀመው። እኔ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሲደርቅ የሚተወውን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ፈተናም አወጣበታለሁ!

ይባስ ብሎ የዝናብ ውሃው በገዛ ጣራዬ ሥር፣ በበርሜል ሞልቶ ነበር። የቧንቧው አረፋ አላወጣ ሲላት ትዕግሥት ፀጉሯን የምትታጠበው በእሱ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ለምን አልነገርሽኝም ብላት "መቼ ጠየቅኸኝ?" አለችኝ።

የዝናቡን ውሃ በስስ ጨርቅ አጠለልን፤ ፊልሙን ውሃውን እየቀየርን ረዘም ላለ ጊዜ ነከርነው። ውሃው ጠብታ ሳይሠራ ተንሸራትቶ እንዲወርድ፣ በመጨረሻው ውሃ በስንጥር ጫፍ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣልኩ። ለማንኛውም ብዬ ሁለተኛ ልጨምር ስል ሐጃ እጄን ያዙት። ከዚያ ሳንጠርገው በሁለት ሚስማሮች መካከል አግድም ዘንበል አድርገን ሰቀልነው፤ አቧራ እንዳይገባም ሻወር ቤቱን ዘጋነው። ሐጃ ዱካ ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ። ትዕግሥት ፎጣዋን ይዛ ብትመጣ ፍንክች አላሉም።

"ዛሬ ሐሊማ ይታጠባል። አንቺ ነገ።"

ፊልሙ ሲደርቅ ጥርት ብሎ ወጣ። ኩፍኙም መስመሩም የለም! ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኩትና ለሐጃ ሰጠኋቸው። እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። የእህታቸውን ፊት በጣታቸው እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእኔም፣ ምን እደብቃለሁ። ቀጥለው ወደ ራሳቸው ፊት ዞሩ። ፎቶውን አቀረቡት፣ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

"ሐሊማ ንጹሕ ሆነ። እጅህ ይባረክ" አሉ።

"አሜን።"

"እኔ ግን መስመሩ አልለቀቀም።" ጣታቸው ፎቶው ውስጥ ባለው ግንባራቸው ላይ፣ ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አረፈ።

"ሐጃ፣ ይሄኛው የውሃ አይደለም... የዕድሜ ነው" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ተነሱ።

"ይሄን እኔ እወስዳለሁ፣ ሐሊማ አለበት። አንተ እኔን ደግመህ እጠብ።"