ጋሽ ከፋለ ተስፋ የቆረጡባት ባጃጅ

የትኛውም ከተማ እንዲህ ያለ ባለሙያ አያጣም። የተበላሸ ዕቃ ይዛችሁ ስትሄዱ ገና ሳይነካው ራሱን ይነቀንቃል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ይላል። አንዳንድ ቦታ ሰዓት ሠሪ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ልብስ ሰፊ። በላሊበላ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር መካኒክ ጋሽ ከፋለ ናቸው።

ጋሽ ከፋለ ከመንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ጋራዣቸው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠሩ አንድም ቀን «ይድናል» ብለው አያውቁም። የአንድ ሆቴል ጄኔሬተር ሲመጣላቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ቄስ ገብረ ዮሐንስ የስብከት ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ቢመጡ ገልበጥ አድርገው አዩትና «አባ፣ ይሄስ ተናዝዞ የጨረሰ ነው፤ ፍትሐቱን እርስዎ ያውቃሉ» አሏቸው። ጄኔሬተሩ ዛሬም ሰፈሩን በጩኸቱ ያስመርራል። ድምፅ ማጉያውም እሑድ እሑድ ሰው አላስተኛ ብሏል። ይህን ሲነግሯቸው ጋሽ ከፋለ አይጽናኑም። «እስካሁን ነው እንጂ» ይላሉ።

መክሊት እጃቸው ላይ የወደቀችው በኅዳር መጨረሻ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ለዓመታት ከአብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ አጠገብ የእንጨት መስቀልና የጥጥ ሻርፕ ለውጭ እንግዶች ስትሸጥ ኖራለች። እንግዳው በኮሮና በሽታ ዘመን ቀነሰ፣ በጦርነቱ ጭራሽ ጠፋ፣ ከዚያም በኋላ ቶሎ አልተመለሰም። ሱቋን ዘጋችና ያላትን አሟጥጣ ከወልድያ አንዲት አሮጌ ባጃጅ ገዛች። ባጃጇ ወደ አገር ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ ናት። አራት ባለቤት ቀይራለች፣ ቀለሟም ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ለመወሰን ያስቸግራል። ሻጩ «እንደሷ ያለ ዛሬ አይሠራም» ብሏት ነበር። መክሊት ሙገሳ መስሏት ተቀበለችው።

አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ጭና ከገበያው ቁልቁል ስትወርድ የፍሬኑ መርገጫ ጭቃ የረገጠች ይመስል ከእግሯ ሥር ሰመጠ። ለመንገድ ሥራ የተከመረ ጠጠር ነበር፤ እሱ ውስጥ ተሰክታ ቆመች። አሮጊቷ ወርደው ነጠላቸውን አራገፉና «ልጄ፣ እኔስ የቀረውን በእግሬ ልሂድ፤ አንቺም ብትተይው ይሻልሽ ነበር» ብለዋት ሄዱ።

ባጃጇን በሰው አስገፍታ ወደ ጋራዡ ወሰደቻት። ጋሽ ከፋለ ሦስት ጊዜ ዞሯት። ጎማ አወለቁ፣ የፍሬኑን ሸራ አውጥተው ለፀሐይ አሳዩት። ሸራው አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ዘይቱን አፍነው የሚይዙትን ትንንሽ ላስቲኮች፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏቸውን፣ አንድ በአንድ አወጡ።

«ማነው ይችን የገደላት?» አሉ።

«እንዴት ጋሽ ከፋለ?»

«የፍሬን ዘይት መግባት ባለበት የሞተር ዘይት ጨምሮባታል። እዪያቸው፣ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጠዋል።»

«ታዲያ አይሠራም?»

«እኔ አልዋሽሽም መክሊት። ይችን ሽጪና በግ ግዢ። በግ ቁልቁል ሲወርድ ራሱ ይቆማል።»

«ገና እኮ ደረሰ። ሰው የሚመጣው በዚያን ሰሞን ብቻ ነው። እሱ ካለፈ በኋላ ማንን እጭናለሁ?»

ጋሽ ከፋለ ጥቂት አሰቡ። «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ። «ማንንም አትጭኝም።»

ሸራውን አገኙላት፤ ጎሚኒው ግን ጠፋ። እንዲህ ላለች አሮጌ የሚሆን ወልድያም የለም ተባለና ደሴ ተላከ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሚኒባስ በገባ ቁጥር መክሊት ሄዳ ትጠይቃለች፤ ባዶ እጇን ትመለሳለች። በኩልመስክ መንገድ በኩል ነጭ የለበሱ ተሳላሚዎች ስንቃቸውን ተሸክመው በእግር መግባት ጀመሩ። ሌሎቹ ባጃጆች ከጠዋት እስከ ማታ አያርፉም። የእሷ ጋራዡ ውስጥ በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች።

በዚህ መሃል ምስጋኑ የሚባል ሌላ መካኒክ ወሬውን ሰማ። ምስጋኑ ጠባዩ የጋሽ ከፋለ ግልባጭ ነው፤ ሁሉ ነገር ቀላል ነው፣ ሁሉ ነገር ለነገ ይደርሳል። «ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ፣ ጎሚኒውን ጠረግ፣ ዘይት ሞላ አድርጌ እሰጥሻለሁ። በዓሉን ትወጪበታለሽ» አላት። መክሊት አንድ ቀን ሙሉ ተቸገረች። በማግስቱ ወደ ጋሽ ከፋለ ሄዳ ዓይናቸውን ሳታይ ባጃጇን ልወስዳት ነው አለች።

«ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው» አሏት። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሁለት ቀን ደህና ሠራች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ተሳላሚዎች ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሊሳፈሩ ቆመው ሳለ ጋሽ ከፋለ ከየት መጡ ሳይባል ደረሱ። ከኋላ ገቡና መቀመጫው መሃል ላይ እግራቸውን ከፍተው ተቀመጡ። «ይቅርታ ወገኖቼ፣ ይች ተይዛለች» አሏቸው ሰዎቹን።

«ጋሽ ከፋለ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ» አለች መክሊት።

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ። ነአኩቶ ለአብ ውሰጂኝ።»

ንዴቷን ዋጠችና ሞተሩን አስነሳች። ፍሬኑ ሲይዝ አይተው አፋቸውን ይይዛሉ ስትል አሰበች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መታጠፊያዎች ላይ ፍሬኑ ያዘ። በመስታወት ብታያቸው ቀብር የሚሸኙ ይመስላሉ። ሦስተኛው ቁልቁለት ረጅም ነበር። መሃሉ ላይ መርገጫው ሰመጠ። ደግማ ረገጠችው፤ እግሯ ወለሉን ነካ።

«ሄደ» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ከፋለ። ድምፃቸው ከሌላው ቀን አልተለየም። «ማርሽ ቀንሺ። ደግመሽ ቀንሺ። የእጅ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ ሳቢ፤ በአንዴ ከሆነ ትገለብጪናለሽ። ወደ ተራራው ተጠጊ። ወደ ተራራው ነው ያልኩሽ።»

ባጃጇ ጎኗን ከአፈሩ ጋር እየፋቀች ወረደች፣ ድንጋይ ገጨች፣ ዘመም ብላ ቆመች። መክሊት ምንም አልሆነችም። ጋሽ ከፋለ ግን ብረቱን የጨበጡበት ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተሰብሯል። ወርደው መንገዱ ዳር ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተመለከቱት።

«እነዚያ ሦስቱ ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ» ብላ ጀመረች መክሊት።

«ክብደት ይጨምሩ ነበር» አሉ። «የእጅ ፍሬኑ አይችለውም።»

እጃቸው በጀሶ ታሰረ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ሲላቸው «ስድስት ወር በለው» ብለው አረሙት። ጎሚኒው ከደሴ የደረሰው በማግስቱ ነው። መክሊት በወረቀት እንደተጠቀለለ ይዛላቸው ሄደችና ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ይቅርታ ልትጠይቅ አስባ ነበር፤ ወረቀቱን ፈታችና ጎሚኒውን ዘረጋችላቸው። ጋሽ ከፋለ ጎሚኒውን አዩት፣ የታሰረ እጃቸውን አዩት።

«ካቻቢቴውን አንሺ» አሏት።

እሳቸው በግማሽ ቀን የሚጨርሱት ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ጋሽ ከፋለ በርሜል ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፣ ያዝናሉ። መክሊት ትፈታለች፣ ታጥባለች፣ ትገጥማለች፣ እንደገና ትፈታለች።

«ያን ቡሎን አበላሸሽው።»

«ገና አልነካሁትም ጋሽ ከፋለ።»

«ታበላሺዋለሽ።»

በዓሉ በአጠገባቸው አለፈ። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ሲወርድና ሲወጣ መክሊት እስከ ክንዷ ዘይት ሆና ከባጃጇ ሥር ተኝታለች። የዓመት እንጀራዋ በእግሩ እየሄደ በፊቷ ሲያልፍ ታያለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ከበሮው ሲሰማ ለአፍታ እጇን አቆመች። ጋሽ ከፋለ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከማሕሌቱ ቀርተው አያውቁም፤ ያን ዓመት ግን ቀሩ። በመጨረሻ ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር የሚወጣበት ቀን ደረሰ። እሳቸው መርገጫውን ይረግጣሉ፣ እሷ መሬት ተኝታ ቡሎኑን ላላ ታደርጋለች።

«ይርገጡ።»

«ረግጫለሁ።»

«ይልቀቁ። ይርገጡ።»

ዘይቱ ያለ አንድም አረፋ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ እንዲህ ሲሉ ዋሉ።

ሲጨርሱ ከተማው ባዶ ሆኖ ነበር። ጋሽ ከፋለ እንደገና ከኋላ ተቀመጡ፤ ወደዚያው ቁልቁለት ወረዱ። መክሊት አራት ጊዜ አቆመቻት፣ አራቱንም ጊዜ ባለችበት ቀጥ አለች።

«እንዴት ናት?» አለች።

«ዛሬ ይዛለች» አሉ።

በየካቲት ጀሶው ተፈታ። አጥንቱ ትንሽ ጠምዘዝ ብሎ ገጥሟል፤ ጣቶቻቸው ሙሉ በሙሉ አይጨበጡም፣ ትንንሽ ቡሎን ማጥበቅም አይችሉም። «ብዬ ነበር» አሉ፤ ያሉት ግን ስለ እጃቸው እንጂ ስለ እሷ አልነበረም። ተሳፋሪ በሌለ ጊዜ፣ ማለትም በአብዛኛው ቀን፣ መክሊት ጋራዡ እየሄደች ታጠብቅላቸዋለች። ሁለቱም ስለዚያ ቀን አንሥተው አያውቁም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባጃጇን እየጠረገች ሳለ ጋሽ ከፋለ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገለቴን ደግፈው መጡ። ወይዘሮ ገለቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለእሱም ነአኩቶ ለአብ ጠበል ይመላለሳሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሄዱት በእግራቸው ነው። ባላቸው የከተማውን ተሽከርካሪ ሁሉ ውስጡን ስለሚያውቁት አንዱም ላይ አሳፍረዋቸው አያውቁም። አሁን ግን በደህናው እጃቸው አስደግፈው ከኋላ አስቀመጧቸው፣ ነጠላቸውን ከጎማው ሰብሰብ አደረጉላቸው፣ ወደ መክሊት ዞር ብለውም «ቀስ በይ» አሉ።

ባጃጇ ተንቀሳቀሰች።

«ሦስት ቀን ሲያስብበት ሰነበተ» አሉ ወይዘሮ ገለቴ።

«ምን አሉ በመጨረሻ?»

«'ትመለሻለሽ' አለኝ።» ወይዘሮ ገለቴ ነገሩ አሁንም የገረማቸው ይመስላሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።»

መክሊት በመስታወቱ አየች። ጋሽ ከፋለ አስፋልቱ መሃል ቆመው፣ ጠማማ እጃቸውን በሌላው ደግፈው፣ ወደ እነሱ ይመለከታሉ። መንገዱ እዚያ ጋ ሜዳ ነው፣ ከፊትም ማንም የለም፣ ፍሬን የሚያስይዝ ነገር አልነበረም። ከኋላ ያለችው ቀይ የፍሬን መብራት በርታ እንዲያዩዋት ብላ መርገጫውን ቀስ አድርጋ ተጫነችው።