ውሃ ይዘው የመጡ ጠያቂዎች

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሐበሻ በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን ሲሄድ አይታችኋል?

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ የሚኖሩት የእትዬ አልማዝ ልጅ፣ የሃይስኩል ተማሪው ናቲ፣ ለፉትቦል ልምምድ እበረታለሁ ብሎ በአንድ ጠዋት ሁለት ጋሎን ውሃ ጠጣና አእምሮው ተምታቶ ወደቀ።

«ውሃ በዝቶበት የደሙ ጨው ቀጥኗል፤ ጡንቻውም እየፈራረሰ ነው» አለ የሆስፒታሉ ዶክተር። «ካልፈቀድኩ ጠብታ ውሃ እንዳይቀምስ!»

ወዲያው ጠያቂዎች ደረሱ። ምን ይዘው? ካርቶን ሙሉ ውሃ ነዋ!

«አልማዝዬ፣ ትንሽም አይቀምስ?» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«በጭራሽ፣ ጋሼ! ይሞትብኛል!»

«ሶ፣ ይዘነው እንመለስ? ነውር አይደለም?»

ተከፋፍለው ጠጡት።

ማምሻውን ዶክተሩ «ጨዉ ተስተካክሏል» የሚል የምስራች ይዞ ሲመጣ፣ ዘጠኝ ሽማግሌ ጠያቂዎች ሽንት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው አገኘ። ናቲ ከአልጋው ቀና ብሎ «ዶክተር፣ እነሱንም አስተኛቸው!» አለ።

ጠዋት ስሙ እንኳ የጠፋበት ልጅ ሲቀልድ የሰሙት እናቱ እልልታቸውን አቀለጡት።