ጨለማ ውስጥ ያለችው ዓይን

ለንደን ላይ ዝናብ ሲጥል ሰው ወዴት ይጠለላል? እኔ ሙዚየም እገባለሁ። ጥበብ ወዳድ ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ከሥዕሉ በፊት የወደድኩት የክፍሉን ሙቀት ነው። ግን ሥዕል አያለሁ ብሎ ገብቶ ራሱን አይቶ የሚወጣ ሰውም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ቀን ይዤ ሄጃለሁ።

ጋሽ መላኩ ይባላሉ። አዲስ አበባ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ኖረው፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እዚሁ ለንደን፣ አርችዌይ ልጃቸው ዘንድ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ያን ሰሞን ለሰበካችን ጌታችን ሲያዝ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ጀምረው ነበር። "እስቲ የፈረንጅን እጅ ልየው" ቢሉኝ ይዣቸው ሄድኩ።

አንድ የቆየ የዘይት ቀለም ሥዕል ፊት ሲደርሱ መንቀሳቀስ እምቢ አሉ። ሸራው ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ነው። አንዲት ገረድ ሻማ ይዛ ወደ አንድ ሽማግሌ ትጠቁማለች፤ ብርሃኑ የሽማግሌውን ግማሽ ፊት ብቻ ይዞ ሌላውን ለጨለማው ትቶለታል። ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፤ ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድ ነው።

"ቅዱስ ጴጥሮስን በአንድ ዓይን!" አሉ፣ እሳቸው የተሰደቡ ያህል።

ቁጣቸው አያስደንቅም። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ይሣላል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ወገኖቹ ናቸው።

ሁለተኛዋን ዓይን ፍለጋ ግንባራቸው ሸራውን ሊነካ ሲል ጥበቃዋ ብድግ አለች። በቃ ተባረርን ብዬ ነገሩን ሳስረዳት ግን ሳቀች።

"ወደ ግራ ትንሽ ይጠጉና ይታገሡ፤ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ይታያል" አለች። ተረጎምኩላቸው።

ታገሥን። ከዚያ አየናት። ከጨለማው ጥቂት ብቻ የፈካች፣ እንባ ያቀረረች ዓይን።

"ሥሏታል!" አሉ ጋሽ መላኩ። "ብዙ ሰው ሳያያት እንደሚያልፍ እያወቀ ሥሏታል!"

ወደ አርችዌይ የሚመለሰውን አውቶቡስ ያዝን። ልንወርድ ስንል ነው የተናዘዙት።

"ሰይፉን ታውቀው የለ? ጌታን ከያዙት ወታደሮች አንዱን በእሱ መልክ ሥዬዋለሁ። በአንድ ዓይን።"

ሳቄን ዋጥኩ። አቶ ሰይፉ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ሱቅ ያላቸው የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። በምርጫው ሰበብ ከሃዲ ተባብለው፣ ቅዳሴ እንኳ ጎን ለጎን አይቆሙም። ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም እንላለን፤ ተረቱ የሚታወሰን ግን እኛ ስንጨስ ነው።

ሥዕሉ በተሰቀለበት እሑድ ወታደሩ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ አገኘነው። ግማሽ ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው፤ ዓይኖቹ ግን ሁለት ናቸው። ጋሽ መላኩ በደላቸውን ማረማቸው ነበር። ያላሰቡት ነገር፣ በጎን ሳለ ማንም የማይለየው ወታደር አሁን ቁርጥ አቶ ሰይፉን መምሰሉን ነው! ምእመኑ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ ሰውየውን ማየት ያዘ።

አቶ ሰይፉ ቀስ ብለው ተጠጉ። ብዙ አዩ።

"አፍንጫዬን አስረዘምከው" አሉ በመጨረሻ።

"አላስረዘምኩም፤ አፍንጫህ ነው።"

ከሁለት ዓመት ኩርፊያ በኋላ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ዕርቅ ነው ብዬ አልምልላችሁም። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ስለ አፍንጫ እየተጨቃጨቁ አብረው ሲሄዱ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።