ሊቀ መጠባበቂያ አንዳርጋቸውና የወለቃ ጋኖቹ

የምሥራች! ተገኘ! «ምሥር ብላ» በሉኝና ልቀጥል። የማን ምሥራች እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያገኘው ሰው ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፤ አለዚያ አገኛኘቱን አታምኑኝም።

ማንኛውም ነገር አንድ ብቻ ከሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እናንተም ሰፈር አለ። የእኛ የጎንደር አራዳው ክቡር ሊቀ መጠባበቂያ አንዳርጋቸው ይባላል፤ ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ጎረቤቶቹ ነን። ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለችው፦ «ቢጠፋስ?»

ለፋሲካ አንድ ዶሮ ሊገዛ ወጥቶ ሁለት አውራ ይዞ ይገባል። «አንዱ ቢሞትስ?» አውራዎቹ እርስ በርስ ሲቦጫጨቁ ይውሉና ሁለቱም ሊሞቱ ይደርሳሉ። ጃንጥላም ሁለት አለው፤ አንዱ ቤቱ፣ አንዱ ሱቁ። ዝናብ የሚይዘው ግን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል ሁለቱንም እጆቹን ይሰቅላል፤ «አንዱ ባይታይስ መምህር? ጊዜው እኮ ክፉ ነው» ይለኛል በጆሮዬ። አንድ ቀን የደጋፊው ቁጥር ከተሰብሳቢው በልጦ ተገኘ። ሊቀ መንበሩም ቅር ሳይለው አጸደቀው።

ሚስቱን ሐረገወይንን ሲያጭማ ተአምር ነው የሠራው። ወደ አባቷ ጠዋት አንድ ቡድን ሽማግሌ ላከ፤ «ባይሳካላቸውስ?» ብሎ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቡድን ላከ። አንዱ ቡድን ስለ ሌላው መኖር እንኳ አያውቅም። አባትዮው ሁለተኛዎቹን በጥሞና ሰምተው፣ «ጠዋትም አንድ ፎቶ አንሺ አስጠይቆ ነበር፤ የእናንተው ልጅ ግን ጨዋ ይመስላል» ብለው ፈቀዱ። ሐረገወይን እስከ ዛሬ፣ «አባቴ የዳሩኝ ለሁለተኛው አንዳርጋቸው ነበር፤ እቤት ያለው ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም» ትላለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የሰው ፊት በአደራ ሲይዝ አስቡት። አገሩ ሁሉ መታወቂያ አውጣ ተብሎ ጉርድ ፎቶ የሚነሳው እሱ ዘንድ ነው። የሁሉም ኔጋቲቭ የሚቀመጠው በአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ነበር።

«ሳጥኗ ብትጠፋስ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ካዝና ግዛ።»

«ለካዝና ሱቄን ልሽጥ? ሸጬ እኔ ካዝናው ውስጥ ልኑር?»

«አዲስ አበባ ወንድምህ ዘንድ ላካቸዋ።»

«መንገድ ላይ ቢጠፉስ?»

ተውኩት። መላውን ራሱ አገኘው፤ ደግሞም ርካሽ መላ ነበር። ጉርድ ፎቶ ሲታተም ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚጣል ቁራጭ ይተርፋል። በዚያ ቁራጭ ላይ የእያንዳንዱን ደንበኛ ፊት አንድ አንድ እያተመ ማጠራቀም ጀመረ። ማስቀመጫውን ፍለጋ ወለቃ ድረስ ወረደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ሸክላ አይዝግም፣ አይጥም አይበሳውም ብሎ ነው።

«ለጠላ ነው?» አለችው ሸክላ ሠሪዋ።

«ለሰው ነው።»

«ለሰው?»

«ለሰው ፊት።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እንግዲያስ ይችኛዋን ውሰድ፤ ብዙ እንግዳ ታሳድራለች።»

ሁለት ጋን ገዛ። ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው በሞኝነቴ አዘነ። «ጋኑ ቢሰበርስ?» ፊቶቹን በአንዱ ሞላ፣ ሌላውን ባዶውን ለመጠባበቂያ አደረገና፣ ሁለቱንም ሱቁ ቢቃጠል እሳት ወደማይደርስበት ወደ እህቱ ወደ ውቢት ወሰዳቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ውቢት ጠላ ሻጭ ናት። በጎንደር ምድር ጋን ጠላ ሻጭ ቤት አስቀምጦ «እንዳትነኪው» ማለት፣ ገብስ በአህያ ፊት አፍስሶ መምከር ነው።

ክረምቱ ገባና የሱቁ ጣሪያ አፈሰሰ። ሳጥኑን ስንከፍት ኔጋቲቮቹ ተጣብቀው ሊጥ ሆነዋል፤ ስናላቅቃቸው የአንዱ ሰው ጺም በአንዲት ሴት አገጭ ላይ ቀረ። አንዳርጋቸው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ «ቢጠፋስ» እንኳ አላለም።

በዚያው ሰሞን እማማ አየለች ከድብ ባሕር መጡ። ልጃቸው ክንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ቆይቷል። ያለቻቸው አንዲት ፎቶ ከሣር ቤታቸው ጋር ተቃጥላለች።

«አያ አንዳርጋቸው፣ እርስዎ ነበሩ ያነሱት። ጆሮው ሰፋ ያለ፣ ቅንድቡ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ ያለበት። መልኩ ሊጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ግንባሩ ይመጣል፤ አፍንጫው ጋ ስደርስ ግን የአባቱ ይመጣብኛል።»

 አረሙ አላስቆም ብሏቸው ነበርና፣ «ሸጋ አርጋችሁ ፈልጉልኝ» ብለው በማግስቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኛም ወደ ውቢት።

«ጋኖቹስ?» አላት አንዳርጋቸው ከደጅ።

«ምነው አያ? ባዶዋን ጠነሰስኩባት፣ ጠላዋ ሸጋ ሆነ። ለፋሲካ ጋን ሲያንሰኝ ሁለተኛዋንም አጠንኳት።»

«ሰዎቹስ? ሰዎቹን ምን አደረግሻቸው?»

«እና ሰው ይጣላል እንዴ! የግድግዳዬ ጋዜጣ ተልጦ ነበር፤ በሊጥ ለጠፍኳቸው።»

ገባን። ከበሩ እስከ መደርደሪያው ድረስ ጎንደሬ ሁሉ በጉርድ ፎቶ ቆሞ ያየናል። ከሥራቸው ፀጉር አስተካካዩ በላቸው ብርሌውን ይዞ ተቀምጧል።

«እነዚህን ሁሉ አውቃቸዋለሁ» አለን። «ከሁሉም እኔ የምወደው ይኼን ጆሮ ሰፊውን ነው። ሌሎቹ ያፈጣሉ፤ እሱ ግን ስጠጣ አይታዘበኝም።»

ጆሮው ሰፊ ነው። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ።

«ክንዱ!» ብሎ አንዳርጋቸው ሲጮህ በላቸው ብርሌውን ጣለ።

ሊጡ ደርቋልና ቢላጥ ይቀደዳል። አንዳርጋቸው ካሜራውን ሊያመጣ በዝናብ ሮጠ፤ ጃንጥላዎቹ እንደ ልማዳቸው ቤትና ሱቅ ነበሩ። ጠጪውን ሁሉ አስነሥቶ ግድግዳውን ፎቶ አነሣው። ሁለት ጊዜ።

ዛሬ ጠዋት ለእማማ አየለች የማደርሰውን ፎቶ በሁለት ፖስታ ሁለት አድርጎ ሰጠኝ። ሲያትም አድሮ ዓይኑ ደም መስሏል። «አንዱን ቦርሳህ፣ አንዱን ካልሲህ ውስጥ» አለኝ። ልስቅበት ስል፣ «አፍንጫው በደንብ ወጥቷል አይደል?» አለኝ ቀስ ብሎ፤ ሳቄን ዋጥኩት። አቤት ይህ ሰው! እሱም እንደ ፎቶዎቹ ሁለት ቢሆንልን ብዬ ተመኘሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ መናኸሪያ ሆኜ፣ የድብ ባሕርን አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ቆይ! እዚያ እህል ጫኝ መኪና ላይ ፖስታ ይዞ የሚያውለበልበው በላቸው አይደለም?

«የት ነው በላቸው?»

«ድብ ባሕር! አያ አንዳርጋቸው ልኮኝ ነው፤ ‹መምህሩ ቢጠፋስ?› ብሎ!»

መኪናው ተነሣ። ሹፌር! ሹፌር፣ ቁም! ይቅርታ አንባቢ፣ ምሥሩን በላቸው ሊበላብኝ ነው፤ ሮጥኩ።